ማንም ያልተቀበለው ዝርዝር

ጋሽ ደረጄ የሰው ኮድ ሲያነብ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሌላው ሰው ከንፈሩን የሚመጥጠው ለቅሶ ቤት ሲገባ ነው፤ እሱ ግን ቶሮንቶ ከተማ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከባልትና ሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለቅሶ ላይ ነው። "ምጽ! ይሄን ደግሞ ማን ጻፈው?" ይላል። ማን እንደጻፈው ያውቃል፤ የጸሐፊው ስም ከላይ ተቀምጧል። ግን የጻፈው ሰው ራሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ ጋሼ" ሲል ማየት ደስ ይለዋል። ምን ይደረግ፣ ሰው ሁሉ የየራሱ ደስታ አለው።

ቢሮው የ"ቀና ጉዞ" ነው። ኑረዲን የሚባል ወሎዬ በአንዲት አሮጌ ቫን፣ ራሱ እየነዳ የጀመረው ድርጅት ነው፤ ዛሬ አርባ ቫን አለው። ኩላሊታቸውን የሚታጠቡትን፣ በዊልቸር የሚሄዱትን፣ ዓይናቸው የደከመውን አዛውንቶች ከየቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት ያመላልሳል። የትኛው ሹፌር ማንን፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት እንደሚያነሳ የሚወስነው ግን ኑረዲን አይደለም። የሚወስነው ጋሽ ደረጄ ከዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በፊት ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በራሱ ይነሳና የዕለቱን ዝርዝር ያወጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሹፌሮቹ ሲመጡ ዝርዝሩ ስልካቸው ላይ መገኘት አለበት። ካልተገኘ አርባ ሹፌር ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጦ ሞተር ያሞቃል።

በጋሽ ደረጄ ሥር ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አንደኛው ይመር ነው፤ ዐሥር ዓመት አብሮት የሠራ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ሰው። ሁለተኛዋ እሌኒ ናት፤ ከገባች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። ጋሽ ደረጄ ሁለቱ የሚጽፉትን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ያይና አስተያየቱን በኢሜይል ይልካል። አስተያየት ሲባል አንድ ሁለት መስመር እንዳይመስላችሁ። ስብከት ነው። መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ ተግሣጽ አለው፣ "በእኛ ጊዜ" የሚባል ምዕራፍም አለው። ይመር አንብቦ ይሁን ሳያነብ "እሺ ጋሼ" ብሎ ይመልሳል። ጋሽ ደረጄ ይህችን መልስ እንደ ማር ይልሳታል። "እሺ ይበልጣል ከሺ" ይልና ወደ እሌኒ ያያል። ለእሷ መንገሩ ነው።

እሌኒ እሺ አትልም። ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው ከእናቷ ከወይዘሮ ትርፌ ጋር ቴሌቪዥን ሲያዩ ነው። "ጋሼ" ትለውና ጨዋታው ሲሞቅ ረስታው "አንተ" ትለዋለች። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሥራ ፈልጋለች፤ ለስንት ቦታ እንዳመለከተች መቁጠር ትታለች። እናቷ ሆቴል ቤት አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ወገቧ እምቢ ብሏት ቤት ውላለች። ቤት ኪራዩም፣ መድኃኒቱም፣ ሁሉም እሌኒ ላይ ነው። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዓርብ ነበር። ትቆይ ወይስ ትሂድ የሚለውን ኑረዲን ለጋሽ ደረጄ ትቶታል።

የጠቡ መነሻ "ማፕ" የምትባል ነገር ናት። ለማፕ አንድ ዝርዝር ትሰጧታላችሁ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ነገር ያዘዛችኋትን ትሠራና የውጤቱን አዲስ ዝርዝር ታስረክባችኋለች። እሌኒ ግን ሥራውን ታሠራታለች እንጂ የምታስረክበውን ዝርዝር አትቀበልም። "ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ መልእክት ላኪ" ትላታለች፤ ማፕ ትልካለች፤ አለቀ። የውጤቱ ዝርዝር ሜዳ ላይ ቀረ።

"ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አላት ጋሽ ደረጄ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩን አዙሮ። "ሃያ ኪሎ ሽንኩርት ከትፎ፣ ድስት ሳይጥዱ፣ ቆሻሻ ላይ መድፋት ነው። ዘጠኝ መቶ ሕመምተኛ አለን። ማፕ ዘጠኙንም መቶ ውጤት ሰብስባ ትደረድርና ወዲያው ትጥለዋለች። ለመጣል ማን ይደረድራል? ፎርኢች የሚባል ነገር አለ አይደለም? ሥራውን ይሠራል፣ ምንም አይሰበስብም። ጨዋ ሰው ፎርኢች ይጽፋል።"

"ጋሼ፣ ታይም አድርገኸዋል?" አለች እሌኒ።

"ምን አልሽኝ?"

"ማለቴ፣ ለክተኸዋል? ማፑ ስሎው መሆኑን? አይመስለኝም። ፕሮፋይለር ብናስኬድበት የቱ ጋ ጊዜ እንደሚበላ በደቂቃ ያሳየናል።"

ይመር ሳል ያዘው። ጋሽ ደረጄ መነጽሩን አወለቀ። ሲናደድ ነው መነጽሩን የሚያወልቀው፤ ያለ መነጽር ስለማያይ የሚገሥጸው ሰው ፊት አያሳዝነውም።

"ልጄ፣ እኔ ይሄን የተማርኩት አንቺ ጡት ሳትጥዪ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ኮምፒውተር ለአሥራ ሁለት ሰው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሀ እየጀመርን። ያኔ ያየሁትን በዓይኔ ነው ያየሁት። ማሽኑ እያቃሰተ ሲሞት አይቻለሁ። አሁን አንቺ ለካኸው ወይ ትዪኛለሽ? የሚለካው የማያውቅ ሰው ነው።"

እውነቱን ነው፣ ያኔ አይቷል። ማንም አላየህም አላለውም። ግን ሰው አንድ ጊዜ ያየውን ይዞ ሃያ ዓመት ሲሄድ፣ ያየው ነገር እሱን እየጠበቀ አንድ ቦታ ቆሞ አይቀርም። ይሄን ለጋሽ ደረጄ የሚነግር ሰው ደግሞ በዚያ ቢሮ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኑረዲን ደረጃውን እየረገጠ ወጣ። ከፀደይ ወዲህ ዝርዝሩ እየዘገየ ነበር። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ ሲገባው ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሆነ።

"እማማ ዙሌካን ዛሬ ማን እንዳነሳቸው ታውቃላችሁ?" አለ ኑረዲን። "ማንም! በር ላይ፣ በብርድ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው አንድ ሰዓት። ለኩላሊት እጥበቱ ወንበራቸውን ለሌላ ሰጡባቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ደውሎ ሰደበኝ፤ ወላሂ እውነቱን ነው። ደረጄ፣ ምንድነው የሚያዘገየው?"

ጋሽ ደረጄ አልቸኮለም። መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ ወደ እሌኒ ጠረጴዛ ሳያይ በአገጩ አመለከተ።

"ከመቼ ወዲህ ነው የዘገየው?"

"ከፀደይ።"

"እሷስ የገባችው መቼ ነው?"

እሌኒ ተነሳች። "በፀደይ እኮ ከስካርቦሮ ሰፈር ስድስት መቶ አዲስ ሕመምተኛ ገባ! ሦስት መቶ ነበርን፣ ዘጠኝ መቶ ሆንን። ምናልባት…"

"እኔ ነኝ የምናገረው" አለ ጋሽ ደረጄ። "ኑረዲን፣ ይቺ ልጅ አርባ ሦስት ቦታ ላይ ማፕ በትናለች። ሁሉም ዝርዝር ይሠራሉ፣ ሁሉም ይጥላሉ። ሁለት ቀን ስጠኝ። አርባ ሦስቱንም በእጄ ነቅዬ ፎርኢች አደርጋቸዋለሁ። ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ በሰዓቱ ከደረሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።"

ኑረዲን እሌኒን አየ፣ ደረጄን አየ። ስለ ማፕ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ስለ እማማ ዙሌካ ነው። "ዓርብ ከደረሰ እሷን አሰናብታለሁ" አለ። "ካልደረሰ ደግሞ እንነጋገራለን።" እሌኒ ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

እንግዲህ ጋሽ ደረጄ ረቡዕን ሙሉ ነቀለ። እንዴት ያለ ደስታ! በእያንዳንዱ ማፕ ላይ ምጽ ይላል፣ ይነቅላል፣ ፎርኢች ይተክላል። ምሳውን እንኳ ጠረጴዛው ላይ በላ። ሐሙስ ረፋድ ላይ አርባ ሦስተኛዋን ጨርሶ፣ የሌሊቱን ሥራ በሙሉ ለሙከራ በተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ፣ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። ድሮ አርባ ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ አሁን አንድ መቶ አርባ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ማፖቹ ወጥተዋልና ወደ አርባ እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበር።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ስልሳ አለፈ። መቶ ሲያልፍ ጋሽ ደረጄ ማሽኑን ተጠራጠረ። አንድ መቶ አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሥራው አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀነሰም።

"አይሆንም" አለ ለራሱ። ይመር ለጉዳይ ወጥቷል፣ እስከ ማታ አይመለስም፤ እሌኒ የዚያን ቀን አልመጣችም፣ እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳለች። ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ አንድ ሚሊዮን ነገር ያለበት ዝርዝር፣ አንዴ በማፕ፣ አንዴ በፎርኢች፣ ውጤቱን ማንም የማይቀበለው። አስኬደው። እኩል። ደገመው፤ እኩል። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ልኬቱ ነበር።

ከዚያ ሄዶ የፐርልን የለውጥ መዝገብ አነበበ፤ በየአዲሱ ዕትም ምን እንደተሻሻለ የሚጻፍበትን። እዚያው ነበር፤ አንዲት አጭር አረፍተ ነገር። ከ5.8.1 ጀምሮ ማፕ ውጤቷን የሚቀበላት እንደሌለ ካየች ዝርዝሩን ጭራሽ አትሠራም። ጋሽ ደረጄ ዓመተ ምሕረቱን አየ። የእሱ አውሮፕላን ቶሮንቶ ከማረፉ በፊት የተስተካከለ ነገር ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ሲሳደብበት የነበረው ጥፋት እሱ ሻንጣውን ሳይሸክፍ ሞቶ ተቀብሯል። ጆሮው ጋለ። ማንም ስላላየው ግን ደስ አለው፤ እዩት እንግዲህ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ መጀመሪያ ያሰበው ይሄን ነው።

ታዲያ አንድ መቶ አርባ አምስት ደቂቃውን የሚበላው ምንድነው? እያፈረ፣ እሌኒ ማክሰኞ ያለችውን ፕሮፋይለር ጫነ። ፕሮፋይለር እያንዳንዱ የኮዱ ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ አያፍርም፣ ይሉኝታ የለውም። በቀይ ጻፈለት። መቶ አምስቱ ደቂቃ የሚጠፋው አንድ ቦታ ላይ ነው። "መንገድ አስላ" የሚባል ፈንክሽን፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ የኮድ ክፍል። ከላይ የጸሐፊው ስም አለ። ደረጄ።

ከፍቶ አነበበው። አሥራ ስድስት ዓመት ያላየው የገዛ እጁ ሥራ። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ ቫኖቹ ሊሄዱባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ ያሰላል፤ አጭሩን መንገድ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ይሄ ደግ። ከዚያ ግን ያሰላቸውን መንገዶች ሁሉ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ሳይቀር፣ አንድ ትልቅ ዝርዝር ላይ ደርድሮ ያስረክባል። ያንን ዝርዝር የሚቀበል የለም። የሚፈለገው አጭሩ መንገድ ብቻ ነው። በስልሳ ሕመምተኛ ጊዜ ማንም አላወቀም፤ በሦስት መቶ ጊዜም ተደበቀ፤ በዘጠኝ መቶ ሕመምተኛ ላይ ግን ፈንድቶ ወጣ። ማፕ የሚቀበላት ሲጠፋ ዝም ማለትን ከሃያ ዓመት በፊት ተምራለች። የጋሽ ደረጄ ፈንክሽን አልተማረም።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር። ፐርል "ውጤቴን የሚፈልግ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቂያ ቃል አለው። ያችን መስመር ጨመረ። አስኬደው። አርባ ደቂቃ።

ይመር አመሻሽ ላይ ሲመለስ ጋሽ ደረጄ ኩሽናዋ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሻይ ቀድቶ አልጠጣውም።

"ይመር፣ ማፕ እንደተስተካከለች ታውቅ ነበር?"

ይመር ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። "ጋሼ… እንዴት ብዬ…"

"ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?"

"ሁላችንም እናውቃለን ጋሼ። ከእኔ በፊት የነበረው ባስልኤልም ያውቅ ነበር። ስገባ መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው። 'ጋሽ ደረጄ ስለ ማፕ ሲናገሩ እሺ በል' አለኝ።"

"ዐሥር ዓመት ሙሉ?"

"ምን ላድርግ? ይሉኝታ ነዋ! ትልቅ ሰው ነዎት። እርስዎም ሲናገሩ ደስ ይልዎታል።"

"እሺ ጋሼ ስትለኝ ታስተካክለው አልነበረም?"

ይመር የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። "እሺ እላለሁ፣ እተወዋለሁ። እርስዎም ተመልሰው አያዩም።" ከዚያ፣ አንዴ ከጀመርኩት ብሎ ይሁን፣ ወይም ዐሥር ዓመት ያፈነው ሳል አሁን ወጥቶት ይሁን፣ ጨመረ። "ኢሜይልዎ በቀጥታ የሚገባበት ፎልደር አለኝ። 'የጋሼ' ይላል። እዚያ ይገባል።"

"አንብበኸው?"

ይመር መሬት መሬት አየ። "ሁለት ሺህ ምናምን ነው ጋሼ።"

ጋሽ ደረጄ ሻዩን ገንዳው ውስጥ ደፋው። አሥራ ስድስት ዓመት። እየጻፈ፣ እያረመ፣ እየገሠጸ፣ በሰንበት ከአምልኮ ሲመለስ እንኳ "ይቺን ደግሞ ልንገራቸው" እያለ። አንድም ቀን እንኳ አልተከራከሩትም። ያንን ሁሉ ጊዜ እነሱን የናቀ መስሎት ነበር፤ ለካስ እነሱ ናቸው ሲንቁት የኖሩት፣ ያውም በትሕትና። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የጻፈውን አንብባ፣ አስባበት፣ ተሳስተሃል ያለችው አንዲት ልጅ ናት።

"እና አሁን ምን ልበል ለኑረዲን?"

"ምን ይላሉ? ዝም አይነቅዝም" አለ ይመር። "ዝርዝሩ ነገ በሰዓቱ ይደርሳል። በምን እንደደረሰ ማን ይጠይቃል?"

ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ደረሰ። አርባዎቹም ቫኖች በሰዓቱ ወጡ። ሦስት ሰዓት ላይ ኑረዲን ሁሉንም፣ ስልክ የሚያነሱትን ልጆች ሳይቀር፣ ሰብስቦ ጋሽ ደረጄን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ወላሂ፣ ልምድ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው" አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ይመርም አጨበጨበ። እሌኒ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማለች።

"ጋሼ" አለች። "የኔ ማፕ ነው ያዘገየው?"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ታውቃለች። ማታ ከቤቷ ሆና የኮዱን ለውጥ ከፍታ አይታዋለች፤ እያንዳንዱ የተለወጠ መስመር፣ ማን እንደለወጠውና በስንት ሰዓት፣ እዚያው ተመዝግቧል። "መንገድ አስላ" ላይ የተጨመረችውን አንዲት መስመር አይታለች። ጋሽ ደረጄም ማየቷን ዓይኗ ላይ አየ። የጠበቀችው አንድ ቃል ነው። አይደለም ማለት። አንድ ትንፋሽ።

"እንግዲህ… በከፊል" አለ ጋሽ ደረጄ።

ቱ! ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ሽበት አብቅሎ፣ "በከፊል"! እሌኒ አንድ ጊዜ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የተባለውን ለመቀበል ሳይሆን፣ ሰው አንድ ነገር ሲገባው እንደሚያደርገው። ደረጃውን ወርዳ ወደ ባቡሩ ሄደች።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ቻለው። ከዚያ አልቻለም። የኑረዲንን በር ዘግቶ ሁሉንም ነገረው፤ ማፕን፣ የገዛ ፈንክሽኑን፣ "በከፊል"ን። ኑረዲን ሳያቋርጠው ሰማ።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ" አለ። "እማማ ዙሌካን በብርድ ያቆምካቸው አንተ ነህ። ከዚያ ልጅቷን በሰው ፊት በላሃት።"

"አውቃለሁ። መልሳት። ሰኞ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።"

"እመልሳታለሁ። መናገሩን ግን ተወው።" ኑረዲን እጁን አወዛወዘ። "አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። በልጆቹ ፊት ላዋርድህ አልፈልግም፤ እኔም ይሉኝታ አለኝ። ደውልላትና ትምጣ፣ በቃ።"

ጋሽ ደረጄ ይሄን ጊዜ "አይሆንም፣ እናገራለሁ" ማለት ነበረበት። አላለም። ልቡ ቀለል አለው። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ደወለላት፤ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ሥራዋ እንዳለ፣ ይቅርታ እንድታደርግለት በሹክሹክታ ነገራት። በስልኩ ውስጥ የእናቷ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"ለሌሎቹ ተነግሯል?" አለች እሌኒ።

"እሱ… ኑረዲን ባይነገር ይሻላል ብሏል። ሰኞ ትመጪያለሽ?"

ቤት ኪራዩ የወሩ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የወሩ መጀመሪያ ደግሞ ማክሰኞ ነበር።

"እሺ ጋሼ" አለች።

ይሄ ሰው ምን ዓይነት ጅል ነው፣ ደስ አለው! ዕርቅ መስሎት ሰንበቱን በሰላም አሳለፈ። ሰኞ እሌኒ መጣች። ስልክ የሚያነሱት ልጆች በሐዘን ፈገግ አሉላት፤ ጥፋቷን ይቅር የተባለች ልጅ ናትና። ተቀመጠች፣ ሠራች፣ አርባ ሦስት ቦታ ላይ የተተከለውን ፎርኢች አልነካችም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጋሽ ደረጄ የላከላትን አስተያየት "እሺ ጋሼ" ብላ መለሰች። ሐሙስም "እሺ ጋሼ"። ዝርዝሩ በየጠዋቱ በሰዓቱ ይደርሳል። ምንም የጎደለ ነገር የለም። ግን ጋሽ ደረጄ ወንበሩ አልመች አለው።

ዓርብ አንድ ነገር አደረገ። "መንገድ አስላ"ን እንደ አዲስ ጻፈውና፣ መሐሉ ላይ ሆን ብሎ አንድ ከንቱ መስመር አስገባ። የሕመምተኞቹን ስም በፊደል ተራ የምትደረድርና ድርድሩን ለማንም የማታስረክብ መስመር። ሶርት፣ ማለትም የመደርደሪያው ትእዛዝ፣ የተደረደረውን በሌላ ዝርዝር ያስረክባል እንጂ የቀድሞውን አይነካም፤ የሚቀበል ከሌለ ምንም አልተሠራም ማለት ነው። የሁለት ሳምንት ተማሪ አያመልጠውም። ፐርል ራሱ ፕሮግራሙ ሲነሳ "ይህ ሶርት ጥቅም የለውም" ብሎ በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል። እሌኒ ከኮምፒውተሩ ፈቀቅ ብላ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? ለክተኸዋል?" እንድትለው ነበር የፈለገው። ትሳቅበት፣ ትቆጣው፣ አንተ ትበለው።

"እሌኒ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ" አላት። "አሁን አንቺ ነሽ የምትገመግሚኝ።"

ከኋላዋ ቆመ። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ቀስ ብላ፣ መስመር በመስመር። ሶርቱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጣቷ እዚያች መስመር ላይ ቆየ፤ ለማየት ከሚበቃው በላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

"በጣም ጥሩ ነው ጋሼ" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "እጅዎን ይባርክ።" ማጽደቂያዋን ተጫነች።

"ምንም… ምንም አላየሽም?"

"ኧረ ምንም ጋሼ።"

ይመር ከጠረጴዛው ማዶ ሳል ያዘው። ጋሽ ደረጄ ወደ ወንበሩ ተመለሰና ፕሮግራሙን አስነሳው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፤ ይህ ሶርት ጥቅም የለውም፣ ፋይሉ ይሄ ነው፣ መስመሩ ሃያ ሰባት ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ጥፋቱን የነገረው ፐርል ብቻ ነው። ጋሽ ደረጄ መስመር ሃያ ሰባትን ፈልጎ በገዛ እጁ አጠፋት።